የቀበሌው ቤዝ ጊታር

ሐሙስ፣ የካቲት 9። እስከ ረፋዱ የተሸጠ፦ ባትሪ ድንጋይ አሥራ አራት፣ የእጅ ባትሪ አምፖል ሦስት። የተጠገነ ሬዲዮ አንድ። ጆሮዬ ታመመ ሊለኝ የመጣ ሰው... አንድ።

ሰውየው ማርቆስ ነው፤ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ቤዝ ጊታር ተጫዋች። ጊታር የተማረው በጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ሆኖ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታሸግ ቀበሌው እሱን ለኪነት ወሰደው። ሱቄ መናኸሪያው አጠገብ ስለሆነች ከልምምድ ሲመለስ ጎራ ይላል። የጊታር ፍቅሬንም ያውቃል። ከሱቋ ጀርባ ባለችው ክፍል አምስት ኤሌክትሪክ ጊታርና አንድ ቤዝ ሰቅያለሁ። አንዱን ገዝቼ፣ አንዱን በሬዲዮ ለውጬ፣ አንዱን አንገቱ ተሰብሮ ከተጣለበት አንስቼ ጠግኜ ያሰባሰብኳቸው ናቸው።

ዛሬ ሲገባ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ባትሪ ድንጋይ እየመረጠ ነበር።

«ጋሼ ሸምሱ፣ የጆሮ ሐኪም ያውቃሉ?» አለኝ ማርቆስ።

«ምን ሆንክ?»

«ቤዙ ራቀኝ። ድሮ ስመታው እዚህ ደረቴ ውስጥ ነበር የሚሰማኝ። አሁን የጣሳ ድምፅ ሆነብኝ። ጊታሩ እንደሆነ እርስዎ ጠግነውታል። ስለዚህ የተበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሾፌሩ ሳቀ። «ቤዝ ማለት ያ ወፍራም ወፍራም ክር ያለው ነው? ተወው ወንድሜ፣ እሱን ማን ይሰማዋል! ከበሮው ካለ ሕዝቡ ይጨፍራል።»

ከሦስት ሳምንት በፊት እኔም ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነበር... እሱን ማን ይሰማዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀበሌው ቤዝ ከተወረሰ ቡና ቤት የተገኘ የጣሊያን ሥራ ነው። የገመዱ መሰኪያ ተነቅሎ ለጥገና መጣልኝ። ስከፍተው ከክሮቹ ሥር ያለውን፣ ድምፁን የሚይዘውን ማግኔት አየሁት። እንዲህ ያለውን ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈልግ ኖሬያለሁ። ከውጭ አይገባም፤ አዲስ አበባም ወጥቼ አላገኘሁም። የእኔ ቤዝ ደግሞ ገላው ያማረ፣ ድምፁ የሞተ ነበር። መሰኪያውን በግማሽ ሰዓት ጨረስኩ። ማግኔቶቹን ማቀያየሩ ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የእኔው ማግኔት ሰፍቶ ከቀበሌው ቤዝ አልገባ ሲል ጠርዙን በሞረድ ሞርጄ አስገባሁት። ሽፋኑን መልሼ ስገጥመው ምንም አይታይም ነበር።

«ትናንት ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ አደረግሁ» አለ ማርቆስ።

«ምን ብለህ?»

«ጣቶቼ ሰንፈዋል፣ ልምምድ ላይ ቸልተኛ ሆኛለሁ ብዬ። ሰብሳቢው ጥፋትህን ማመንህ ጥሩ ነው አለና እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጠኝ። ቅዳሜ ካልተሻሻልኩ ሌላ ሰው ይተካል።»

 ሾፌሩም ሳቁን ተወ። ከኪነት የወጣ ወጣት በሚቀጥለው የውትድርና ጥሪ ስሙ እንደሚገባ መናኸሪያው በሙሉ ያውቃል። የሚዘምቱት ልጆች መኪና ላይ የሚጫኑት ከሱቄ ፊት ለፊት ነው።

«ጋሼ፣ የእርስዎን ቤዝ አንዴ ልምታው? ጆሮዬን ልፈትነው።»

መብራት የለም ልለው አስቤ ነበር... አምፖሉ ግን አናቱ ላይ በርቷል።

ቤዙን ከጀርባ ክፍሉ አምጥቼ አምፕሊፋየሩን ከፈትኩለት። ወፍራሙን ክር አንዴ መታው። የመደርደሪያው መስታወት ተንቀጠቀጠ። ማርቆስ ዓይኑን ጨፈነ፣ ደግሞ መታው። ከዚያ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

«ደህና ነው! ጋሼ፣ ጆሮዬ ደህና ነው! እኔ የማውቀው ድምፅ ይኸው፣ ራሱ!»

ሾፌሩ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይሄማ ይሰማል» አለ።

የእኔ ቤዝ ሽፋን ስለሌለው ማርቆስ አቀርቅሮ ማግኔቱን እስኪያይ ጠበቅሁ። አላየም። ጭራሽ ወደ እኔ ዞሮ «ለቅዳሜ ያውሱኛል?» አለኝ።

ነጋዴ ነኝ፤ ስሌቱ ወዲያው ገባኝ። ባውሰው እሱ ይድናል። ማግኔቱ እኔው ዘንድ ይቀራል። የቀበሌው ቤዝ አርጅቷል ተብሎ ጥግ ይጣላል። ማንም ምንም አይጠይቅም።

«ነገ ከሰዓት መጥተህ ውሰደው» አልኩት።

እጄን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። «ጌታ ይባርክዎ። ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ተነስቼ ስምዎን በምስጋና አስመዘግባለሁ።»

«ምን አደረግሁና ነው» አልኩት። ይህንንም አልኩት።

ከሄደ በኋላ ለአንዱ ደንበኛ የባትሪውን ዋጋ ሁለቴ ተሳስቼ ነገርኩት። ሥራዬን አልሳትም ነበር። ሳስበው ግን ያላጠፋው ሰው በጓደኞቹ ፊት ቆሞ አጠፋሁ ብሏል፤ ያጠፋሁት እኔ ልመሰገን ነው። የሕዝብ ንብረት የነካ ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ማርቆስ ለሰብሳቢው አንዲት ቃል ቢተነፍስ ሱቁም እኔም የለንም። እሱንም አስቤበታለሁ።

ቢሆንም መስረቅ አንድ ነገር ነው... ሰውን የገዛ ጆሮውን እንዲጠራጠር ማድረግ ሌላ ነው። ሐኪም ፍለጋ ሊሄድ ነበር እኮ።

ማግኔቱን ፈትቼ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ቤዜ ሆዱ ተከፍቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ነገ፦ ሱቅ ሳልከፍት፣ ከጁምዓ በፊት፣ ወደ ቀበሌው አዳራሽ። የብየዳ ካውያ፣ ካቻቢቴ፣ ማግኔቱ። ማርቆስን ከቤቱ ጠርቶ ይዞ መሄድ። ሽፋኑን እሱ ራሱ ይፍታው፤ የሞረዱን ጭረት በዓይኑ እንዲያየው።