የአባቴ የሚያበራ ሙስበሃ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የዓይን ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ተራዬን ስጠብቅ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ በዚያ ጨለማ ውስጥ ከደረጃው በላይ የተለጠፈው «መውጫ» የሚል ምልክት ብቻውን አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ሽቦ የለው፣ ባትሪ የለው፤ ቀን የጠጣውን ብርሃን ሲጨልም መልሶ የሚሰጥ ተራ ፕላስቲክ ነው። ፊዚክስ ሳስተምር ከሃያ ዓመት በላይ ስለሆነኝ ይህን ለማንም ማስረዳት እችላለሁ፤ ያን አረንጓዴ ባየሁ ቁጥር ግን ትዝ የሚለኝ ፊዚክስ ሳይሆን መሐል ሜዳ ከተማ የነበረው ጓዳችን፣ የአባቴ ሙስበሃና በአሥራ ሁለት ዓመቴ የሠራሁት ሥራ ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ገበያው አጠገብ ባለች ባለ አንድ በር ሱቁ ውስጥ ሱሪ ሲያሳጥር፣ ዩኒፎርም ሲሰፋ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የካፖርት ገበር ሲቀይር ይውላል፤ የመንዝ ብርድ ለልብስ ሰፊ ደግ ነው፣ ሰው ምግብ ቢቀንስ እንኳ ገበር አይቀንስም። ሱቁ የማሽን ዘይት፣ የእርጥብ ሱፍና የከሰል ካውያ ይሸታል፤ ያ ሽታ ሲመሽ አባቴን ተከትሎ እቤት ይገባል። እናቴ ገና ጡት ሳልተው ወደ አኼራ ስለሄደች በቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። እሱ ወጥ ይሠራል፣ እኔ አሳርራለሁ፤ ኑሯችን በዚህ ተከፋፍሎ ይሄድ ነበር።

ሙስበሃውን ያመጡለት ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩ ናቸው። ከመካ ሲመለሱ ለሌላው ዘምዘምና ቴምር አደሉ፣ ለአባቴ ግን ይህን ሰጡት። ቀን ሲያዩት ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ የቆየ ቅቤ የመሰለ የፕላስቲክ መቁጠሪያ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ግን ሠላሳ ሦስቱም ፍሬ አረንጓዴ ያበራል። የሰፈሩ ሴቶች ጓዳችን ድረስ እየገቡ «ሱብሐነላህ!» ሲሉ ሐጂ ኑሩ ሳቁና «ኧረ የፋብሪካ ነው፤ እዚያ ሱቅ ለሱቅ ተንጠልጥሎ ነው የሚሸጠው» ብለው ወሬውን ገና በጠዋቱ ቀጩት።

በዚያው ዓመት አባቴ የበሩን መቃን በትከሻው መምታት ጀመረ። ከጎኑ የተቀመጠ መቀስ እየጠፋበት ሱቁን ያተራምሳል፤ ክር ለማስገባት ግን አይቸገርም፣ ፊት ለፊቱ ያለውን አጥርቶ ስለሚያይ ነገሩ የዓይን ነው ያለ ሰው አልነበረም። ጎን ጎኑ እየጨለመበት መሆኑ የገባው የደንበኛ ካፖርት እጅጌ ከአጠገቡ ባለው ካውያ ሲቃጠል ሽታው ነግሮት ዓይኑ ሳይነግረው ሲቀር ነው። ያን ቀን ሱቁን ቀደም ብሎ ዘጋ።

ደብረ ብርሃን የዓይን ሐኪሞች መጥተው ለጥቂት ሳምንታት በነጻ እንደሚያክሙ የተወራው ወዲያው ነበር። አባቴ ፈራ። ዕድሜውን ሙሉ መርፌ ጨብጦ የኖረ ሰው መርፌ ፈራ፤ ዓይኔን ይወጉኛል የሚለው ሐሳብ እህል ከለከለው። ስለዚህ ራሱን የሚመረምርበት ዘዴ ፈጠረ። ጓዳችን መስኮት ስለሌለው በቀትር እንኳ ጨለማ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት የጠዋት ፈረቃ ስመለስ ሙስበሃውን ከሱቁ ጠረጴዛ ላይ ወስጄ ጓዳው ግድግዳ ላይ በሚስማሮች በአግድም እዘረጋዋለሁ፤ እሱ ከዙህር ሰላት መልስ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ቆሞ አንገቱን ሳያዞር ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ሲጨርስም አውርዶ በጣቶቹ ይደግመዋል። ሕጉንም ነገረኝ።

«ሠላሳ ሦስቱንም ካየሁ ዓይኔ ደህና ነው። ከሠላሳ ከጎደለ ግን ወላሂ ሰኞ አውቶቡስ እሳፈራለሁ።»

በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ አንድ አለ። በማግሥቱ ሃያ ዘጠኝ፤ «ዛሬ ደክሞኛል፣ ይኼ አይቆጠርም» ብሎ አለፈው። ሐሙስ ቀን እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ ስሰማ ድምፁ ሃያ ስድስት ላይ ቆመ። ብዙ ቆይቶ ወጣና የጤፍ ጆንያው ላይ ተቀምጦ «እማዬ፣ ሻንጣዋን አውርጂልኝ» አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። አባት እንደሚያለቅስ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ዓርብ ጠዋት የሳይንስ አስተማሪያችን ቲቸር ጌታሁን የእጅ ሰዓታቸውን ፈተው በካፖርታቸው ሥር ተራ በተራ አሳዩን፤ ቁጥሮቹ ያበራሉ። «እነዚህ ነገሮች ብርሃን ይበላሉ፤ ሲጨልም ደግሞ ቀስ እያሉ ይተፉታል። ብዙ ከበሉ ብዙ ይተፋሉ» አሉን። ዛሬ ለተማሪዎቼ ነገሩን አስፍቼ፣ ዚንክ ሰልፋይድ ውስጥ ስለሚገባ ኢምንት መዳብ፣ በረጅሙ አምፖል ውስጥ ስለተቀባው ነጭ ዱቄት፣ ባንክ ቤት በሐምራዊ መብራት ሥር ብር ላይ ብቅ ስለሚለው ክር እየጨመርኩ አስተምራለሁ። እንደሳቸው አጥርቼ ያስረዳሁበት ቀን ግን የለም። ደወል ሲደወል ቤቴ የሄድኩት በሩጫ ነው።

የጁምዓ ሰላት ይረዝማል። ሙስበሃውን ከሱቁ አምጥቼ የግቢያችን ድንጋይ ካብ ላይ፣ ጸሐይ ፊት ለፊት ዘረጋሁት፤ አባቴ ከመንገዱ ጥግ ብቅ ሲል አንስቼ ሰቀልኩት። በሩ ተዘጋ። ሃያ ስድስትን አለፈ፣ ሠላሳን አለፈ፣ ሠላሳ ሦስት ላይ ድምፁ ተሰበረ። «አልሐምዱሊላህ!» እያለ ወጥቶ እንደ ሕፃን አነሳኝ፤ ከስንት ቀን በኋላ ጠግቦ በላ። ሰኞ አውቶቡሱ ያለእሱ ሄደ። ሐኪሞቹም ጊዜያቸውን ጨርሰው ተመለሱ።

እኔ ግን አላቆምኩም። ማቆም እንዴት ይቻላል? በማግሥቱ ሃያ ስድስት ቢል ትናንት ምን እንደነበር ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ክረምት፣ መሐል ሜዳ በጉም ተሸፍና ጸሐይ ስትጠፋ፣ በእጅ ባትሪ እያበራሁበት ተወጣሁት። በሁለተኛው ክረምት ግን ባትሪውም አላዋጣም፤ ሙስበሃው እንደ እሳት እያበራ አባቴ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ከዚያ ደብረ ብርሃን ይዘውት የሄዱት ሐጂ ኑሩ ናቸው። ሐኪሙ ግላኮማ ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ቢመጣ ኖሮ የነበረውን በጠብታ እናቆይለት ነበር አለ። ሕክምናው መርፌ እንኳ አልነበረውም፤ ጠብታ ነበር።

ዘጠኟም አልቆየችም። የስፌት መኪናው ተሸጠ፤ አባቴ በዚያች ጓዳ ደፍ ላይ ሙስበሃውን በጣቱ እየቆጠረ ስንት ዓመት ተቀመጠ። እኔ መምህራን ኮሌጅ ልገባ ስነሳ አላስችል ብሎኝ ሁሉንም ነገርኩት።

«አውቅ ነበር» አለ። «ሳወርደው ትኩስ ነበራ። በመንዝ ብርድ፣ ጓዳ ውስጥ፣ ትኩስ ነገር ከየት ይመጣል? እኔው ፈርቼ ነው እማዬ። አንቺ አይደለሽም።»

እውነቱን ይሁን፣ እኔን ለማሳረፍ የፈጠረው ይሁን እስካሁን አላውቅም። ውሸት ከሆነ ልቤን ይሰብረዋል፤ እውነት ከሆነ ደግሞ እናደድበታለሁ፣ አንዲት ሕፃን ያን ሁሉ ዓመት ለብቻዋ እንድትሸከመው ትቷታልና። ሞቶም ቢሆን እናደድበታለሁ። ሙስበሃው ከእኔ ጋር ነው፤ ጸሐይ ላይ ቢውልም አሁን አያበራም።

ጄኔሬተሩ ተነሳና ተራዬ ደረሰ። ነርሷ አገጬን ነጭ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ማሽን ላይ አስደገፈችኝና ቁልፍ አስጨበጠችኝ። «መሐል መሐሉን እያዩ፣ ብልጭ ያለ ብርሃን ባዩ ቁጥር ይጫኑ» አለችኝ። ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፤ ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም። ይሄኔ እኔ፣ ይህን ሁሉ የማውቅ የፊዚክስ አስተማሪ፣ ምንም ሳላይ ተጫንኩ። አንዴም አይደለም፣ ሦስት ጊዜ።

ከዚያ አገጬን አነሳሁ። «እህቴ፣ ከመጀመሪያው እንጀምር፤ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት።

የምርመራው ወረቀት ሲወጣ ጠርዝ ጠርዙ ጠቁሯል። ሐኪሟ ጠብታ ጻፈችልኝ፤ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረው ግን ብዙ እንደሆነና ሊቆይ እንደሚችል ነገረችኝ። ስንት ቀረኝ ብዬ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። አባቴ ያን ሐሙስ ሃያ ስድስት ነበረው። ሃያ ስድስቱን ማቆየት ይቻል ነበር።