የመቂው ባትሪና የአጎቴ ዝምታ

አጎቴ አዳማ ባለችው ትንሽ ሱቃቸው ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚወጡ የባትሪ ድንጋዮችን እየመረጡና አንድ ላይ እየበየዱ፣ ማሳን ከዳር እስከ ዳር የሚያሳይ የእጅ ባትሪ ይሠሩ ነበር። ቻርጅ ያደረጉትን ድንጋይ ሁሉ ጉንጫቸው ላይ ያስጠጉታል። ከሞቀ ይጥሉታል። «ሰው በእጁ የሚይዘው ነገር ነው» ይሉኝ ነበር።

አምና የቅርብ ጓደኛቸው ያረጁ ድንጋዮችን አዲስ ላስቲክ አልብሶ፣ የአጎቴ ሥራ ነው እያለ መቂ ሸጠ። አንዱ ፈነዳና የሽንኩርት ማሳ ዘበኛ እጅ አቃጠለ። አጎቴ መቂ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ የጓደኛቸውን ስም ግን አላነሱም።

«ለምን?» ስላቸው፣ «ልጆች አሉት። አንተም እንዳትናገር» አሉኝ።

ደንበኛ ራቃቸው። ያንን መጥፎ ስም እንደያዙ ሞቱ።

ለቅሶው ላይ ያ ጓደኛቸው ከሁላችንም በላይ አለቀሰ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ጠጋ ብሎ፣ «መበየጃውን ስጪኝ፤ ሥራውን በስሙ ልቀጥልለት» አላት።

አልቻልኩም። «የዘበኛውን እጅ ያቃጠለው የእርስዎ ባትሪ ነው!» አልኩት በሰው ፊት።

ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። የአጎቴ ሚስት ክንዴን ይዛ፣ «ታውቅ ነበር?» አለችኝ። ጥፋቱ የባሏ መስሏት እስከ መጨረሻው አኩርፋቸው ነበር።

ሱቁ ተዘግቷል። ጠረጴዛው ላይ የጀመሩት ባትሪ ክዳኑ ሳይገጠም ተቀምጧል።

አጎቴ፣ አላህ ይዘንልዎ። ለጓደኛዎ ልጆች ሲሉ ግን እኛን ከድተውናል።