የዘሐራ ልጅ ትታጫለች ወይ?

ለሥራው ደሴ የተጠራሁት ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ነው። ከከሚሴ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ረፋዱ ላይ ሬዲዮ ጣቢያው በር ላይ ደረስኩ። ዘበኛው ማንን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። የመዝናኛ ዝግጅት ክፍል ጠርቶኝ ነው አልኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና “እናቴ፣ የጤና ፕሮግራሙ ሐሙስ ነው” አለኝ።

ዋና አዘጋጁ ሥዩም ራሱ ወጥቶ አስገባኝ። ስሜን የሚያውቀው ከደብዳቤዎቼ ነበር። እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሠራተኛ ሆኜ ነው ያረጀሁት። ጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ ፈታ፤ ስለማያቸው የቴሌቪዥን ኮሜዲዎች ለፕሮግራሙ መጻፍ ጀመርኩ። ፕሮግራሙ በየዓመቱ የሽልማት እጩዎች ከመገለጻቸው በፊት ትንበያ ያቀርብ ነበር። ዋና ተዋንያንን ማንም ይገምታል። የኮሜዲ ረዳት ተዋንያንን ግን ከዓመት እስከ ዓመት ተቀምጦ የሚከታተል አልተገኘም።

“እትዬ ዘይነባ፣ አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገርዎት” አለኝ ሥዩም። “የሚጽፉልኝ የሚወዱትን አይደለም። ዳኞቹ የሚያጩትን ነው።”

“ልዩነቱ ምንድን ነው?”

“ዓመቱ ሲያልቅ ያውቁታል።”

አወቅሁት። በመጀመሪያው ዓመት ከጻፍኳቸው አምስት ሴቶች የታጨችው አንዷ ብቻ ነበረች። ሥዩም ስልክ ደውሎ ሳቀብኝ። “ወሎዬ መሆንዎ አስታወቀ። መረቁ እንጂ አልተነበዩም” አለኝ።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ለወጥኩ። እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ አይ ጀመር። መጀመሪያ እንደማንኛውም ተመልካች ታሪኩን አያለሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲደገም ድምፁን አጠፋና የሚናገረውን ትቼ የማይናገረውን አያለሁ። ይህን ያወቅሁት ከልጅነቴ ነው። እኛ ዘንድ ዱአ ሲደረግ አንዱ ይመርቃል፣ የቀረው አሚን ይላል። አሚን ባዩ ከቸኮለ ወይም ከዘገየ ምርቃቱ ይበላሻል። ረዳት ተዋናይም ሥራው አሚን ማለት ነው። ጎበዙን የምለየው በዚህ ነበር።

ጎበዙን መለየት ግን ግማሹ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ዳኞቹን ማወቅ ነው። ዳኞች ዓመቱን ሙሉ ካሳቃቸው ሰው ይልቅ አንድ ቀን ያለቀሰውን ያስታውሳሉ። በአንድ ምድብ ከአንድ ኮሜዲ ሁለት ስም አያሳልፉም። ፕሮዲዩሰሩ ሁለት ስም ሲልክ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የተጻፈው ነው። ስለዚህ የመወዳደሪያው ጊዜ ሲደርስ እየደወልኩ ማን ማንን እንደላከ አጣራለሁ። እነዚህን ሳውቅ ከአምስቱ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ማግኘት ጀመርኩ።

ሥራው ከሚሴ ቤቴ ተቀምጬ የምሠራው የብቻ ሥራ ነው። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ የለንም። ኮሜዲን ብቻውን የሚያይ ሰው ብዙ አይስቅም። ይቀልዳሉ፣ አስቂኝነቱን አያለሁ፣ ቀጥሎ ወዳለው አልፋለሁ። ለሥራው ጠቅሞኛል፤ የሚስቅ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

ዘሐራ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ከጨፋ ሮቢት መጥታ ከአጥሬ ማዶ ያለውን ቤት የተከራየች በርበሬ ነጋዴ ናት። አንድ እሑድ በሬ ላይ ቆማ “አካም ጅርታ፣ ሰላም ነሽ ወይ?” አለችና ሳልመልስላት ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተች።

“ያቺ ልጄ ናት።”

የምግብ ቤቱ ኮሜዲ ነበር። ያመለከተቻት ከኋላ ሳህን የምታጥበዋን ልጅ ነው። ስሟ ሰሚራ ነው። ተዋናይ እሆናለሁ ስትል አጎቷ ተቆጥቷት፣ “ሰው ካልሆንኩ አልመለስም” ብላ አዲስ አበባ ከገባች ዓመታት አልፈዋል። እናቷ ድምፅዋን በስልክ ትሰማለች እንጂ በአካል አላየቻትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘሐራ በየእሑዱ መጣች። ዱካ የምንለውን በርጩማ ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግታ ትቀመጣለች። አንድም ቀን በቀልዱ አልሳቀችም። ነገሯ ሁሉ ከልጅዋ ጋር ነው።

“ከሳች። ተይ ብዬሻለሁ ምግብ አትዝለዪ። ደሞ ያቺ ሻሽ! እንዲህ ግንባሯ ላይ የምትቋጥር የጨፋ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ?”

“እሷ አይደለችም ያሰረችው። አልባሾች አሉ” አልኳት።

“ታዲያ እሷ እጅ የላትም?”

ድምፁን አጥፍቼ መሥራቴን ተውኩት። ዘሐራ በተቀመጠችበት ዝም ያለ ነገር አይታይም።

ሰሚራ ጎበዝ ነበረች። አንዱን ክፍል ዛሬም አስታውሰዋለሁ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ለእንግዶቹ ሥጋው ዛሬ ጠዋት የታረደ ነው ብሎ ይምላል። ሰሚራ ከኋላ ሳህን እያጠበች ነው። ቃል አትናገርም፣ ቀና አትልም፤ ቧንቧውን ብቻ ትዘጋለች። የውሃው ድምፅ ቆመና ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ነው የሚሳቀው። ሰው ሁሉ ያሳቀው ባለቤቱ ነው አለ። ቧንቧውን የዘጋችው ግን እሷ ናት።

በዚያው ዓመት እጩዎች ሊገለጹ ሲቃረብ ዘሐራ ሌላ ፊት ይዛ መጣች። ሰሚራ ደውላ “እማ፣ ዘንድሮ ስሜን ልከውታል። ከታጨሁ ለአረፋ እመጣለሁ” ብላታለች። ዘሐራ ቤቷን ኖራ ልትቀባ አስባለች። ስለ በጉም ስታወራ ነበር።

እኔ ያን ቀን ጠዋት አጣርቼ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ሁለት ስም ልኳል። የመጀመሪያዋ አስተናጋጇ ናት፤ ሠርጓ ፈርሶባት በአንድ ክፍል ውስጥ አልቅሳለች። ሁለተኛዋ ሰሚራ ናት። ሰሚራ ዓመቱን ሙሉ አላለቀሰችም።

“ዘይነባ፣ በአላህ ይሁንብሽ። ትታጫለች ወይስ አትታጭም?”

“ትንበያው አርብ ነው የሚነበበው።”

“የሬዲዮውን መች ጠየቅኩሽ? ለእኔ ንገሪኝ።”

በእኛ አገር ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የታወቀ መልስ አለ። ኢንሻአላህ ይባላል። ውሸት አይደለም፤ ማንንም አያስቀይምም። ጠያቂው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ እሑድም ተመልሶ ይመጣል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዘሐራ የጠየቀችኝ የጎረቤት ምርቃት ሳይሆን ሥራዬን ነው።

“አትታጭም” አልኳት።

ለምን አላለችኝም። “ቶሌ” አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ከዱካው ተነሣች፣ ሻርፕዋን አስተካከለች፣ ወጣች። ክፍሉ ገና አላለቀም ነበር፤ ሰሚራም ገና ብቅ አላለችም።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም። በሚቀጥለውም። ከአጥሩ ማዶ በርበሬ ስትቀነጥስ የምሰማው ሳሏ ጠፋ። በሯ ላይ ቁልፍ አየሁ። ገበያ ናት አልኩ። ሌላ ቀንም ቁልፍ አየሁ። ጎረቤት ልጠይቅ አስቤ ተውኩት፤ ተቀይማኝ ከሆነ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ዱካውን ወደ ግድግዳው መለስኩትና ድምፁን አጥፍቼ መሥራት ጀመርኩ።

ትንበያውን በመጀመሪያው ሳምንት አርብ በስልክ አንብቤ ነበር። አስተናጋጇን አንደኛ አደረግኋት።

እጩዎቹ ተገለጹ። አምስቱም የእኔ ነበሩ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ሥዩም ወዲያው ደወለ፤ ከኋላው ሰዎች ያጨበጭባሉ።

“እትዬ ዘይነባ፣ አምስቱም! አንድ አላጎደሉም! አየር ላይ ነዎት፤ ምን ይሰማዎታል?”

“መብራት ጠፍቷል” አልኩት።

ተሳሳቁ። እውነቴን ነበር። ስልኩን ዘግቼ መብራት እስኪመጣ በጨለመው ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥኩ። የማወራው ሰው አልነበረኝም።

አረፋ አለፈ። ከበዓሉ በኋላ በነበረው ሳምንት አጥር በሩ ተንኳኳ።

“አካም ጅርታ! አለሽ ወይ አንቺ ሴት?”

ዘሐራ ናት፤ አዲስ ጫማ ተጫምታለች።

“የት ጠፋሽ?”

“አዲስ አበባ።”

“የተቀየምሽኝ መስሎኝ ነበር።”

“ለምን ብዬ?” አለችና ሳትጋበዝ ዱካዋን ከግድግዳው አንስታ ተቀመጠች። “አትታጭም አልሽኝ። አትመጣም ማለት ነው አልኩ። እሷ ካልመጣች እኔ ልሂድ ብዬ በማግሥቱ አውቶቡስ ያዝኩ። ኢንሻአላህ ብትዪኝ ኖሮ እኮ ቤቴን ኖራ ቀብቼ፣ በር በሩን እያየሁ አረፋ ያልፍብኝ ነበር።”

“ምነው ሳትነግሪኝ?”

“ኋላ ‘ልጅሽን አታገኚያትም’ ብትዪኝስ? ወላሂ ፈራሁሽ። አንቺ ያልሽው ይሆናላ!”

ያን ጊዜ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሰሚራ እንዴት እንደተቀበለቻት ጠየቅኋት።

“አንዲት ክፍል ቤት ናት ያለቻት። ልብስ ስታጥብ ደረስኩ። አየችኝና እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ።”

“እንደ ቧንቧው ቀን?”

“ልክ እንደዚያ። ኋላ ‘እማ፣ ሰው ሳልሆን መጣሽብኝ’ አለችኝ። ‘እኔ ሰው ፍለጋ አልመጣሁም፤ ልጄን ነው’ አልኳት። ያኔ አለቀሰች።”

ዳኞቹ አላዩም አልኩ በልቤ። በአፌ አላልኩትም።

ዘሐራ የመጣችው ዕቃዋን ልትወስድ ነበር። “ብቻዋን ናት” አለች፤ ሌላ ምክንያት አልሰጠችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በሁለት ቀን ውስጥ በርበሬዋን ሸጠች፣ የቤቱን ቁልፍ አስረከበች። ምንጣፏን ጠቅልዬ ጫፉን እኔ ያዝኩላት፣ እሷ አሰረች። ወደ መናኸሪያ የሚወስዳት ባጃጅ ሲመጣ ፊቴን አየች።

“ትመለሺያለሽ ወይ አትዪኝም?”

“አልጠይቅሽም።”

“ለምን?”

“አውቀዋለሁ።”

“አይ ዘይነባ!” አለችና አቅፋኝ ሄደች።

ኮሜዲው ከክረምት በኋላ በአዲስ ምዕራፍ ተመለሰ። በመጀመሪያው ክፍል ሰሚራ ከኋላ፣ ከሳህኖቹ መካከል ወጣች። ሻሿ በደንብ ታስሯል፤ ቋጠሮው ከግንባሯ ወርዶ ከማጅራቷ ሆኗል። ፊቷም ሞላ ብሏል። “አየሽልኝ?” ልል ወደ ዱካው ዞርኩ።

በዚያም ዓመት የሰሚራን ስም ከአምስቱ አላስገባሁም። ሥዩም “ይህቺ የጎረቤትዎ ልጅ አይደለችም እንዴ? ጎበዝ ናት ሲሉ አልነበር?” አለኝ። ጎበዝ ናት አልኩት። አልታጨችም። ዘሐራ ለበዓል ትደውላለች፤ ስለ ሽልማቱ ግን ደግማ ጠይቃኝ አታውቅም።

ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ ሠራሁ። አሁን ይህን ሥራ በስልክና በኢንተርኔት የያዙት ልጆች አልፎ አልፎ እየደወሉ ዘዴውን ይጠይቁኛል። ስለ ዳኞቹና ስለ ፕሮዲዩሰሮቹ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ሌላ የምለው አንድ ነው። አንዷ አትታጭም ብላችሁ ካመናችሁ በጊዜ ተናገሩት፤ የሚጠብቅ ሰው አለ። ያንንም ትታጫለች በምትሉበት በዚያው ድምፅ አንብቡት።