ከሰል ተብሎ የገባው ሻንጣ

ትልቁ ሻንጣ ቤታችን የገባው በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ነው። የገዛሁት አየር ጤና ነበር፤ ማዳበሪያውን ከነሲባጎው አጣጥፋ ቦርሳዬ ውስጥ የከተተችልኝ ግን እናቴ ናት። «ከታክሲ ስትወርጂ ማንም ቢጠይቅሽ ከሰል ነው በይ» አለችኝ። በነጭ ሸሚዝ ከሰል የሚሸከም ሰው አይታ ታውቅ እንደሆነ ብጠይቃት «አንቺ ብቻ አፍሽን ዝጊ፤ ሸሚዝሽን ማን ያይልሻል!» ብላ ተቆጣች። ሸሚዜን ማን እንደሚያየው ሁለታችንም አሳምረን እናውቅ ነበር።

ከበራችን ፊት ለፊት አንዲት ሱቅ አለች። መስኮቷ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከተከፈተ እስኪመሽ አይዘጋም። ከመስኮቱ ጀርባ የሚቀመጡትን ሴት እማማ እላቸዋለሁ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ሥራ ውላ እስክትመጣ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የምቆየው እሳቸው ሱቅ ውስጥ፣ የስኳር ኬሻ ላይ ተቀምጬ ነበር። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን ነን። ሥጋ የጣዱ ቀን «ዛሬ የኔ ድስት አይሆንሽም» ብለው ዳቦ በሻይ ይሰጡኛል። ረቡዕና ዓርብ ወተት ብለምናቸው «ጾም ነው፤ እናትሽ ትገድለኛለች» ይሉኛል። ጾሜን ከእኔ ይልቅ የሚጠብቁልኝ እሳቸው ነበሩ።

እንግዲህ እኚህን ሴት ነው ሦስት ወር ሙሉ ስንሸሽ የከረምነው።

ነገሩ የዓይን ነገር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ኖርዌይ ወዳለው ባለቤቴ ለመሄድ ማመልከቻ ሳስገባ፣ ከቤተሰብ ውጭ የነገርኩት ለእማማ ብቻ ነበር። ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው ያን ቀን ለመጣ ልጅ ሁሉ ከረሜላ መርቀው ሲሰጡ ዋሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተከለከልኩ። ደብዳቤው የጎደለውን በግልጽ ጽፎታል፤ የጋብቻ ማስረጃዬ ላይ መኖር የነበረበት አንድ ማኅተም የለም። እናቴ ግን ደብዳቤውን አስነብባ ከሰማች በኋላ በሩ ላይ ቆማ፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ «ምን ማኅተም ነው! ዓይን ነው የበላት!» አለች። የሱቁ መስኮት ክፍት ነበር። እማማ ምስር እየመዘኑ ነበር፤ ቀና አላሉም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጉዞ አንዲት ቃል ጠይቀውኝ አያውቁም።

በእናቴ አልፈርድም። በእኛ ሰፈር ሰው ውጭ አገር መሄዱ የሚሰማው ከሄደ በኋላ ነው። ጎረቤቱ «ልጅቷ ምነው ጠፋች?» ሲል ቤተሰቧ «ኧረ ደርሳለች!» ይላል፤ በዚያው ይመረቃል፣ በዚያው ይታማል። ቪዛ እንደ ጽንስ ነው፤ ሳይገፋ አይወራም። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር ፈቃዱ ሲመጣ እናቴ እልል አላለችም። መዝጊያውን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ ከዚያ «ነገሩ ሾላ በድፍን ይሁን» አለች።

ለመሄድ የተፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ ሃያ ሦስት ኪሎ። ሌላው ሰው ዕቃውን በኪሎ ብቻ ይመዝናል። እኛ ግን እያንዳንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ መዘንነው፤ አንዴ በክብደቱ፣ አንዴ ደግሞ ከሱቁ መስኮት ሲታይ መጉደሉ ይታወቅ እንደሆነ። ግቢያችን አጥር አለው ይባላል እንጂ የልብስ ማስጫው ገመድ ከእማማ ወንበር ፊት ለፊት ነው። የምወስዳቸውን ልብሶች አንድ በአንድ ከገመዱ ስናነሳ ገመዱ እንዳይሳሳ፣ የማልወስዳቸውን አሮጌ ቀሚሶች ሳይቆሽሹ እያጠብኩ በየቅዳሜው አሰጣ ነበር። አንዱን ቡራቡሬ ቀሚስ በአንድ ወር አራት ጊዜ አጥቤው ቀለሙ ለቀቀ።

ከሁሉ የባሰው በርበሬው ነው። ስድስት ኪሎ በርበሬ ግቢ ውስጥ አስጥቶ «ለቤት ነው» ማለት አይቻልም። ለሁለት ሴቶች ስድስት ኪሎ! ሕፃን እንኳ አያምንም። ስለዚህ እናቴ በርበሬውንም ሽሮውንም አስኮ፣ አክስቴ ቤት አስደረገችው። አንድ ቀን ከዚያ ስትመለስ እያስነጠሳት መጣች። እማማ በመስኮቱ «ምነው? በርበሬ ቤት ውለሽ ነው እንዴ?» አሏት።

«ለቅሶ ቤት ነበርኩ» አለች እናቴ።

«እግዜር ያጥናቸው» አሉ እማማ። ማን እንደሞተ አልጠየቁም። እናቴ ቤት ከገባች በኋላ ያንገበገባት ይኸው ነው። «ሰው ሞተ ሲሏት ማን ሞተ አትልም? ለቅሶ መድረስ የማትወድ ሴት መሰለችሽ? አውቃለች!»

እኔ ለማሳቅ ሞከርኩ። «እማዬ፣ ብትጠይቅሽ ማንን ልትገድዪ ነበር?» አልኳት። አልሳቀችም። «ጠርጥር፤ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» አለችኝ፤ ይህን ከተናገረች ወሬው አለቀ ማለት ነው።

እኔ ቤቴል ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ለታማሚ ሁሉ እጃችሁን ታጠቡ የምል ሰው ነኝ፤ ዓይን ሰው ይበላል ብዬ አላምንም ነበር። ግን ጥርጣሬ ከአንድ ቤት ሰው ወደ ሌላው ይጋባል፤ ጉንፋንም እንዲያ ነው። ለሻንጣው የሚሆን ትንሽ ቁልፍ እማማ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ይሸጣል። በየቀኑ በግንባሬ እየነካሁት እያለፍኩ ቁልፍ የገዛሁት ቤቴል ነው። ፕላስተርም እንደዚሁ። የክሊኒኩን ሚዛን ለቅዳሜና እሑድ ተውሼ ቤት ያስገባሁት በኬክ ካርቶን ነው፤ እማማ «ልደት ነው እንዴ?» ሲሉኝ ፊቴ በርበሬ መሰለ።

ከሰል የተባለው ሻንጣ የገባ ቀንማ! ማዳበሪያውን አቅፌ በሩን በክርኔ ስገፋ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ከሰል ነው?»

«አዎ እማማ።»

«እሰይ። ንጹሕ ከሰል ነው ያገኘሽው፤ እጅሽን እንኳ አላጠቆረም።»

ቤት ገብቼ ሳየው ከማዳበሪያው ቀዳዳ አንዱ ጎማ ብቅ ብሏል። እናቴ ደረቷን መታች። ያን ምሽት ጸበል በሻንጣው ዙሪያ ረጨች፤ እኔም የረጠበውን ጨርቅ በካልሲ ስጠርግ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ የእማማ ነገር ሁሉ ያጠራጥረኝ ጀመር። «ከሳሽ» ቢሉኝ ምን ማለታቸው ነው እላለሁ። ዝም ቢሉ ለምን ዝም አሉ እላለሁ። በጥር ፀሐይ፣ ቀትር ላይ፣ ጠርተው በወረቀት የተጠቀለለ ጥቁር አዝሙድ እጄ ላይ አስቀመጡ። «ያዥው። ብርድ ሲመታሽ በማር ነው የሚወሰደው።»

«የት ያለ ብርድ እማማ? ሙቀቱ እየገደለን!»

«ብርድ መቼ ይቀራል» አሉና ሌላ ሰው ማስተናገድ ጀመሩ።

እናቴ ጥቅሉን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ቆሻሻው ውስጥ ጣለችው። «ቆሼ ይውረድ!» አለች። ተዪ እንኳ አላልኳትም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የምንታገልበት፤ ሹራቡ። እማማ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ባስገባሁ ጊዜ፣ ዘይትና ሳሙና እየሸጡ በእጃቸው የሠሩልኝ ቡናማ የሱፍ ሹራብ ነው። ሁለት ትልልቅ ኪሶች አሉት፤ አንገቱ እስከ ጆሮ ይደርሳል። ስከለከል ሥራው አላለቀም ነበር። ጨርሰው «እዚህም ይበርዳል» ብለው ሰጡኝ። ከዚያ ሌላ የክረምት ልብስ የሚባል ነገር የለኝም፤ የምሄደው ደግሞ በረዶ አገር ነው። ሻንጣው ውስጥ ከተትኩት። እናቴ አወጣችው። መለስኩት። እንደገና አወጣችው። ሁለታችንም አንድም ቃል አልተናገርንም፤ እሷ ገበያ ስትሄድ ሹራቡ ይገባል፣ እኔ ሥራ ስሄድ ሹራቡ ይወጣል። በመጨረሻ እኔው አፈነዳሁት።

«እማዬ፣ ሹራብ ነው። ክር ነው።»

«የመጀመሪያው ጉዞሽ የተቋጠረበት ክር ነው» አለች። «አሳድጋሻለች፤ አልካድኩም። የበላሽውን አልረሳሁትም። ግን ልጅ የላትም። ያሳደገችው ልጅ ስትሄድባት ደስ ይላታል ብለሽ ነው? እኔ እናትሽ ነኝ፤ እኔ ራሴ ደስ አይለኝም።»

ከዚያ በኋላ ሹራቡን አልነካችውም። አሸነፍኩ ብዬ ነበር።

ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው ሻንጣዎቹን መዘንኩ። ሚዛኑ ላይ መጀመሪያ ብቻዬን፣ ከዚያ ሻንጣ አቅፌ ቆምኩ። ሁለተኛው ሻንጣ አንድ ኪሎ ገደማ ተረፈው። አንድ ነገር መውጣት አለበት። በሶ አለ፣ ዳቦ ቆሎ አለ፣ ሁለት ጋቢ አለ፤ ለማላውቃቸው የባለቤቴ ጓደኞች የሚሆን ሦስት ጀበና ሳይቀር አለ። ከአንዱ ጀበና ጋር መለያየት ከባድ አልነበረም። እኔ ግን ያሰብኩት በረራውን ሳይሆን ፓስፖርቴን ገልብጦ የሚያየውን ሰውዬ ነው። «አንዴ ቆይ» ሲለኝ ታየኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የጎደለችው ማኅተም ዘንድሮም ከአንድ ቦታ ጎድላ ታየችኝ። እጄ ሄዶ ሹራቡን ሳበው። እናቴ ቤት አልነበረችም። ማንም አላዘዘኝም። አጣጥፌ አልጋዬ ላይ አስቀመጥኩትና ዚፑን ዘጋሁ፤ ሚዛኑ ላይ ስመለስ ትርፉ ሙሉ ለሙሉ አልወረደም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው አንዱን ጀበና ያወጣሁት።

የምሄደው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። የእናቴ ዕቅድ የተጠና ነው፤ አጎቴ ከማለዳ ጀምሮ ከሱቁ ትንሽ ራቅ አድርጎ ያቆመውን መኪና ወደ በራችን ያስጠጋል፣ እሷ ሱቅ ሄዳ ዘይት ስጡኝ፣ ሳሙና ስጡኝ፣ ሂሳቡ ተሳሳተ እያለች እማማን ትይዛለች፣ እኛ ሻንጣ እንጭናለን። በሩን ስንከፍት ግን የሱቁ መስኮት ተዘግቷል። በዓል አይደለም፣ ዓርብም አይደለም። ያ መስኮት በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ተዘግቶ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም።

«እግዜር ዘጋልን!» አለች እናቴ።

እኔ አላመንኩም። ሄጄ በቀዳዳው አየሁ፤ ውስጡ ጨለማ ነው። በሩ ከውጭ በቁልፍ ተቆልፏል። የት ሄዱ? ለማን ሊነግሩ ሄዱ? ከዘመድ ቤት እንኳ እስከ ማታ የማይቆዩ ሴት ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ ምን ጉዳይ ገጠማቸው? ሻንጣዎቹን ስንጭን ዓይኔ ከዚያ መስኮት አልተነሳም። እናቴ ጉንጬን ሳትስም ገፍታ መኪና ውስጥ አስገባችኝ፤ ስንብቱ ኤርፖርት ይደርሳል አለች።

ኮብልስቶኑን ጨርሰን ወደ አስፋልቱ ስንታጠፍ አየኋቸው። ከታክሲ ፌርማታው አለፍ ብሎ ካለው የግንብ አጥር ሥር፣ ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጥቁር ጥላ ዘርግተዋል። አጠገባቸው የውኃ ፕላስቲክና የተበላ የሙዝ ልጣጭ አለ፤ ብዙ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ቦታ ነው። ታክሲ አልጠበቁም፤ ሁለት ታክሲ ፊታቸው ቆሞ ሲሄድ አላዩትም። የአጎቴን መኪና ሲያዩ ግን ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ከዚያ ዞሩ። ፊታቸውን ወደ ግንቡ አድርገው ጥላውን ትከሻቸው ድረስ ዝቅ አደረጉት።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ከሰሉም፣ ለቅሶውም፣ ጥቁር አዝሙዱም። እኛ እንዳንሳቀቅ ሱቃቸውን ዘግተው ወጥተዋል። በመጨረሻ መንገድ ላይ ብንገናኝ እንኳ ዓይናቸው እንዳያርፍብኝ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

«ጋሼ፣ አንዴ ያቁሙልኝ» አልኩ።

እናቴ እጄን ጨመቀችው። «ንዳ!» አለችው ወንድሟን። እሱ ግራ ገብቶት ፍጥነቱን ቀነሰ። መስኮቱን አወረድኩ።

«እማማ!»

አልዞሩም።

«ሂጂ ልጄ» አሉ ግንቡን እያዩ። «ሂጂ። አላየሁሽም።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አጎቴ ማርሽ አስገባ። በሩን ከፍቼ መውረድ እችል ነበር፤ አሥር እርምጃ አይሆንም። አቅፌ ማዞር፣ ፊታቸውን ማየት፣ ፊቴን ማሳየት እችል ነበር። እየነደደኝ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ቁጭ አልኩ። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እናቴም አታውቀውም። ያን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ እንኳ፣ ሆዴ ውስጥ አንድ ጥግ «እንኳን አላዩኝ» ይል ነበር።