ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ

መጋቢት አሥር ይሆን? ወይስ ወሩም ሌላ ነበር? መኪና መንዳት የሚያስተምረው ሰው ቀኑ ተምታቶበታል፤ ሴትዮዋ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኑ አልጠፉም። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ሹራባቸውን እስከ አገጫቸው የቆለፉ ሴት ነበሩ። ማርሹን የሚጨብጡት የሚናከስ ነገር የያዙ ይመስል ነው። ፍሪሲዮኑን ሲለቁ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ወደ ባዶው የኋላ ወንበር ዞረው፣ «ይቅርታ፣ አመመህ?» ይላሉ።

«እትዬ፣ መንገዱ እኮ ከፊት ነው» አላቸው እየሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም። «ከሆስፒታል የማወጣው ሰው አለ። የአከርካሪው ቁስል ገና አልጠገገም። ካንገጫገጭኩት ዳግመኛ በእግሩ ላይቆም ይችላል ብለውኛል። እሱ ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም እንዲያየው አይፈልግም።»

ከዚያ ወዲያ አስተማሪውም አልቀለደም። «ዝግ ብለው ይልቀቁት፤ ሞተሩን ያዳምጡ» አላቸው። አንደኛ፣ ሁለተኛ። መኪናው አንዴ ሳይነጥር ሄደ፤ በሚቀጥለው ግን አንገታቸውን ወደ ፊት ወረወረው።

«ሁለት ሳምንት እንኳ ቢለማመዱ፣ እትዬ።»

«የማወጣው ነገ ነው» አሉና ወርደው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። የሚያወጡት ሰው ምናቸው እንደሆነ አስተማሪው ሊጠይቅ መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ፣ መንገዱ ጥግ ላይ ታጥፈው ሄደዋል።