የዘይቴ ቡና መፍጫ

ልብስ ሰፊው እጁ የደረሰበትን ብረት ሁሉ ዘይት ሳያቀምስ አያልፍም። የስፌት መኪናውን ይቀባል፣ መቀሱን ይቀባል፣ የጎረቤቱን በር ማጠፊያ ይቀባል። አንዴም ማንም ሳይጠይቀው የደንበኛ ዚፕ ቀብቶ አዲስ ሱሪ አበላሽቷል። ሰፈሩ «ዘይቴ» ያለው ለዚህ ነው፤ እሱ ግን ስሙን እንደ ሹመት ነው የተቀበለው።

ቅዳሜ ከሰዓት መኪናውን ቀብቶ ሲጨርስ ወደ ሚስቱ የእጅ ቡና መፍጫ ይሄዳል። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲሁ ነው። እጀታው ሥር፣ ዘንጉ በሚገባበት ቀዳዳ፣ ዘይቱን ጠብ ጠብ ያደርግና መፍጫውን ሚስቱ ጆሮ አጠገብ ይዞ ያዞረዋል።

«ስሚው እስቲ! ድምፅ አለው?»

«ኧረ ምንም የለው! እጅህ ይባረክ» ትለዋለች።

እሱም ደረቱን ነፍቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በዚያ ቤት ለእሷ የሚያደርግላት ሥራ ይህችው ብቻ ነበረች። የቀረውን ሁሉ የምትሠራው እሷ ናት። እሱን የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነበር፤ ሩዙ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። አይጥ ነው ብሎ ወጥመድ ገዛ። ሚስቱም ምንም ሳትል ወጥመዱን በየቀኑ ታስተካክልለት ነበር። አይጥ ግን ተይዞ አያውቅም።

አምና ሚስቱ አረፈች። ቡና መፍጨቱ ለዘይቴ ቀረ።

የመጀመሪያ ቀን ቀመሰና «እጄ አልለመደውም» አለ። በሌላው ቀንም ያው ሆነ። ቡናው መልኩ ቡና ነው፣ ሽታውም ለእሱ ቡና ነው፤ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ግን የሆነ ነገር ይለጠፍበታል። ዕድሜውን ሙሉ ዘይት ሲያሸት የኖረ አፍንጫ ምን ይነግረዋል? ቡና ሻጩ ጋ ሄዶ ተጣላ።

«ከዚሁ ጆንያ ነው ለእሷም የምሰፍርላት የነበረው» አለው ሻጩ። «ቡናው ምን አደረገህ?»

ቆላው፣ አሳረረው፣ ደግሞ ለጋ አድርጎ አወጣው። የመፍጫውን ብሎን ሲያጠብቀው ደቀቀ፣ ሲያላላው ገረደፈ፣ ጣዕሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ማንቆርቆሪያውን አጥቦ አጥቦ ሊበሳው ምንም አልቀረው። በመጨረሻ «መፍጫው ደርቆ ይሆናል» አለና፣ የቅዳሜውን ዘይት የየቀን አደረገው። ይባስ ብሎ መረረ።

ጎረቤቱን፣ ጡረታ የወጣውን ሹፌር፣ ጠርቶ አስቀመሰው። ሹፌሩ አንዴ ፉት አለና ጣራውን ማየት ጀመረ።

«እንዴት ነው?»

«ትኩስ ነው» አለ ሹፌሩ።

ዘይቴ ግራ ገባው። ቡናው ያው፣ መፍጫው ያው፣ ቤቱ ያው። የተለወጠው እኔ ብሆንስ? ምላሴ ረስቷት ይሆን? ይህ ሐሳብ ከመጣበት በኋላ ፍርሃት ያዘው። ጣዕሟን ከረሳ ነገ ድምፅዋን፣ ከነገ ወዲያ መልኳን ላለመርሳቱ ምን ዋስትና አለው? ሐሳብ ሲያወጣ ሲያወርድ የአንድ ደንበኛ ሸሚዝ ላይ ቁልፎቹን በጀርባው በኩል ተከለ።

እሁድ ሴት ልጁ መጣች። ፈጭቶ፣ አፍልቶ፣ አቀረበላትና አፏን አፏን ያያት ጀመር። አንዴ ቀምሳ ሲኒውን አስቀመጠችው። ልትስቅ አለችና እንባዋ መጣ።

«አባዬ፣ ሩዙን አልፈጨህም እንዴ?»

«የምን ሩዝ?»

«እማዬ አትንገሪው ብላኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀብተህላት ስትወጣ፣ መፍጫውን ፈትታ በደረቅ ጨርቅ ትወለውለዋለች። ከዚያ ጭብጥ ጭብጥ ሩዝ እየፈጨችበት ትደፋዋለች። ሩዙ ዘይቱን ይጠጣዋል፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ትፈጫለች።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ዘይቴ ልጁን አየ፣ መፍጫውን አየ፣ ጥግ ላይ ያለውን የአይጥ ወጥመድ አየ።

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም? ተው ብትለኝ እተው አልነበር?»

«እኔም ጠይቄያት ነበር። ‹ጆሮዬ ሥር ይዞ ሲያዞረው ፊቱን አይተሽው ታውቂያለሽ?› አለችኝ።»

ልጅቱ ተነስታ መፍጫውን ፈታችው። ጥርሶቹ መሃል የተጣበቀውን ጥቁር ዝቃጭ በጥርስ ብሩሽ ጠረገች፣ በጨርቅ ወለወለች፣ ሩዝ ፈጨችበት። መጀመሪያ ግራጫ ወጣ፤ ሲደጋገም ነጣ። ከዚያ ቡናውን ፈጭታ አፈላች። ዘይቴ ፉት አለ። የሚስቱ ቡና ራሱ ነበር። ምላሱ አልረሳትም ነበር፤ ልጁ ፊት ተቀምጦ፣ ሳያፍር፣ አለቀሰ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ልጁ ልታየው ብቅ ስትል መኪናውን ቀብቶ ጨርሷል። ዘይቱን እንደያዘ የመፍጫው ቀዳዳ ላይ ጠብ ጠብ ሲያደርግ ደረሰችበት።

«አባዬ! አሁንም?»

ዘይቴ እጀታውን አንዴ አዞረና አዳመጠ። ከዚያ ዘይቱን አስቀመጠ፣ ጨርቅ አነሳ፣ የሩዙን ጣሳ ወደ ራሱ ሳበ።

«ለምን ዘይቱን ጭራሽ አትተወውም? ሩዙም ይተርፋል፣ አንተም ታርፋለህ።»

ዘይቴ ጭብጡን ሩዝ እንደያዘ ቀና ብሎ፣ ግራ ገብቶት አያት።

«እኔ ካልቀባሁማ» አለ፣ «እናትሽ ምን ትሠራለች?»