የወንድሜ ነው ያልኩት ጥቁር ሸሚዝ

ነገሩ የሆነው አምና ሰኔ ላይ ነው። እዚህ ጆሀንስበርግ ብርዱ የሚጠናበት ወር ነው። እኔ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ ይቅርታ አድርጉልኝ። ብቻ እስከ ዛሬ የሻንጣ ዚፕ ሲዘጋ በሰማሁ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል።

እኔና ሱላሞ ካትሌሆንግ በሚባለው የከተማው ዳር ሰፈር ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከፍተን አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ኖረናል። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ሁለት አልጋ ፊት ለፊት ዘርግተን እዚያው አረጀን። ሁለታችንም የሆሳዕና አካባቢ ሰዎች ነን። ሱላሞ አገር ቤት ምሕረት የምትባል አንድ ልጅ ነበረችው። ሲለያት የሰባት ዓመት ሕፃን ነበረች። አድጋ ልታገባ ቀን ተቆርጦላት ነበር። እሱ ግን በያዘው የጥገኝነት ወረቀት ከወጣ ተመልሶ መግባት ስለማይችል ሰርጉን ትቶት ነበር። "ፎቶውን አያለሁ" ይል ነበር።

ከዚያ ምሕረት ድንገት ታማ በሦስተኛው ቀን ሞተች።

የተደወለው ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ለአቶ ማቴዎስ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ቤቱ ይገባል፣ ዘመድ ዙሪያውን ይይዘዋል፣ ከዚያ ይነገረዋል። እንዲሄድ ደግሞ ምክንያት ያስፈልጋል። ስለዚህ አቶ ማቴዎስና ቤተሰቡ ተማክረው፣ ሰርጉ ቀርቧል፣ ልጅቷም አባቴ ካልመጣ አላገባም ብላለች አሉት።

ሱላሞ ከደስታው የተነሳ አለቀሰ። "ለዚህ ያልሆነ ወረቀት ለምን ይሆነኛል?" አለና በማግስቱ ቲኬት ቆረጠ።

አቶ ማቴዎስ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። "አጠገቡ ያለኸው አንተ ነህ፤ ፊትህን ጠብቅ። ጥቁር ሸሚዝ ግዛና ሻንጣው ውስጥ ክተትለት፤ ሲነገረው የሚለብሰው አይጣ። ልኩን ታውቃለህ" አለኝ። አውቃለሁ። ሱላሞ ሰውነቱ ደቃቃ ነው። ገዛሁ።

እሑድ ከአምልኮ መልስ ዕቃ ማሰናዳት ጀመርን። ሱላሞ ከቦርሳው አንዲት ክር አወጣ። ምሕረት የእግሯን ልክ በክር ለክታ፣ ከአገር ቤት በመጣ ሰው ልካለት ነበር። የገዛላትን ነጭ ጫማ አነሳና ክሩን ውስጡ ዘረጋ።

"እየው እስቲ፣ ይጠባት ይሆን?"

"ልክ ነው" አልኩት።

ጎጎ የምንላት አሮጊት ደንበኛችን ዳቦ ልትገዛ መጣች። ሱላሞ በሰባራ ዙሉው ልጄን ልድር ነው አላት። እሷም ከብረት ፍርግርጉ ወዲያ ቆማ እልልታዋን አቀለጠችው፤ በዚያ ጉልበቷ ጨፈረች። እሱም ከወዲህ ሆኖ ትከሻውን ነቀነቀላት። እኔ ዳቦውን በፍርግርጉ ማሳለፍ አቃተኝ።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩን አየና "ሦስት ቀን ሙሉ ለምሕረት ደወልኩላት፤ አታነሳም" አለኝ።

ያን ጊዜ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። "ሙሽራ ደግሞ መቼ ስልክ ታነሳለች?"

ሳቀ። "እውነትህን ነው። እናቷም ድምጿ ተዘግቷል። ሽርጉዱ ነው መቼም።"

ሻንጣውን በሱቁ ሚዛን ስንመዝነው አውሮፕላኑ ከሚፈቅደው በላይ ከበደ። ሱላሞ እንደገና ዘረገፈውና ሸሚዙን አገኘው።

"ይሄ ደግሞ የማን ነው?"

"የኔ... ለወንድሜ ለጴጥሮስ አድርስልኝ ብዬ ነው።"

ሸሚዙን ደረቱ ላይ ለጠፈው። "ጴጥሮስ እኮ በር የሚያክል ሰው ነው! ይሄማ የሚሆነው ለኔ ነው።"

"ከስቷል።"

"ምነው፣ ታሞ ነው?"

"ትንሽ አሞት ነበር።"

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "ታዲያ አትነግረኝም? አብሮህ የሚኖር ሰው እያለ እንዲህ ያለ ነገር ይደበቃል?" አለኝ። ቀጥሎ ሊያጽናናኝ ብሎ ጎኔን ጎሰም አደረገኝ። "ሰርግ ለሚሄድ ሰው ጥቁር የምታስይዝ፣ አንተ ክፉ ሽማግሌ!"

ለሸሚዙ ቦታ እንዲገኝ ለራሱ የገዛውን አዲስ ጫማ አወጣ። "እኔ በአሮጌው እድራታለሁ፤ ማን እግሬን ያያል" አለ። ሸሚዙን አጣጥፎ ከታች አስቀመጠው። የምሕረትን ጫማ ግን ስትከፍተው መጀመሪያ እንድታየው ብሎ ከሁሉ በላይ አደረገው።

ዚፑ እምቢ አለ። "ና ተቀመጥበት" አለኝ። ተቀመጥኩበት። እሱ ተንበርክኮ ዘጋው።

ከዚያ አልጋውን አነጠፈ፣ ወለሉን ጠረገ፣ ቁልፉን በእጄ ሰጠኝ። አቶ ማቴዎስ መኪና ይዞ መጥቶ ወሰደው።

በሃያኛው ቀን ደወለ። ድምፁን ስሰማ አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም።

"ሻንጣውን የከፈተችው እናቷ ናት" አለኝ። "ጫማው ከላይ ነበር።"

እሱ ቀጠለ።

"ሸሚዙን ለብሼዋለሁ። ልክ ሆኖኛል።"

"ሱላሞ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ..."

"ጴጥሮስ ለቅሶ መጥቶ ነበር። አልከሳም" አለና ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ስደውልለት አያነሳም። እሱም አልተመለሰም፤ በምን ወረቀት ይመለሳል? አዲሱ ጫማው አልጋው ሥር እንዳለ አለ። የእኛ ሰዎች ደግ አደረግህ፣ ወጉ ነው ይሉኛል። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔ ግን ያንን ሳቁን ከጆሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከአገር ቤት ደውላ "አባባ፣ ናፍቀኸናል፤ ዘንድሮ እንኳ ና" አለችኝ። ድሮ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ እየጠራሁ አገናኚኝ አልኳት። ሁሉንም በድምፅ ሰማኋቸው። የባለቤቴ ድምፅ ግን ትንሽ ተዘግቷል።

ብርድ ነው አለችኝ።